ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ኩባያ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከየክፍሉ አንድ አንድ ጽሑፍ ይቅረብ ባሉ ጊዜ የእኛ ክፍል ዕጣ ለእኔ ወጣ። በመጀመሪያ የመረጥሁት አርእስት «አገሮች የውጭ ሰው እንዳይገባባቸው ያወጧቸው ሕጎች ታሪክ» የሚል ነበር። በነቀምቴ ከተማ ዲቪ ሞልቶ የማያውቅ ወይም ዐረብ አገር የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ያዳግታልና፥ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል ብዬ ነው። ጽሑፉን እኩል ያህል ካደረስሁ በኋላ ግን በገዛ ቤታችን አንድ ነገር ስለ ደረሰ እንዳሰብሁት ሆኖ አልቀረም። አንባቢ ሆይ፥ እስከዚያ ድረስ ታገሡኝ። ዓመተ ምሕረቱን በሚመለከት የውጭ አገሮቹን በፈረንጆች አቈጣጠር፥ የአገራችንን በእኛው አቈጣጠር ጽፌዋለሁና ሁለቱ እንዳይደባለቁባችሁ።

ነገሩን ከወንድሜ ልጀምር። በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ወር እኔ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ስሆን ታላቅ ወንድሜ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ይፈልግ ነበር። በየዓመቱ የክረምቱ ዝናም ሲያባራ በከተማችን ፎቶ ቤቶች በር ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ይለጠፍ ነበር። ወንድሜም የአባታችንን ኮት ለብሶ፥ ጠጉሩን አበጥሮ፥ እኔንም ሳምቡሳ እገዛልሻለሁ ብሎ አስከትሎ ሄደ። ፎቶ አንሺው ስሙንና የልደቱን ቀን ከመዘገበ በኋላ «የፓስፖርት ቍጥር?» አለው። ወንድሜ ፓስፖርት አልነበረውም። ለካስ የአሜሪካ መንግሥት በዚያው ዓመት፥ ማለት በ2019፥ አዲስ ደንብ አውጥቶ ኖሮ ፓስፖርት የሌለው ሰው ስሙን ከዕጣው ውስጥ እንኳ ማስገባት አይችልም ተባለ። ሳምቡሳውም ተረሳ። ወንድሜ እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ከደረስን በኋላ ኮቱን አውልቆ ከምስማሩ ላይ ሰቀለና «ሌላው ቢቀር ዕጣው እንዳይወጣልኝ እንኳ ከለከሉኝ» አለ።

ያ ደንብ በ2022 በፍርድ ቤት ተሽሮአል። ወንድሜ ግን እስከዚያ ድረስ ተስፋውን ቈርጦ አናጢነት ተምሮ ነበር። ዛሬ በሩንና መስኮቱን ደኅና አድርጎ ይሠራል፤ የዲቪን ነገር ስናነሣበት ግን ፊቱ ይለወጣል። «እኔ ምን አጠፋሁ? የተወለድሁበት ቦታ ነው እንጂ» ይላል። እኔም ባለፈው ዓመት 11ኛ ክፍል ሳለሁ ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ታሪክ መምህራችን ሄድሁ። እርሳቸውም መልሱን ከመንገር ይልቅ የማነበውን ነገሩኝ፤ ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው መምህር ሲባል እንዲህ ነው።

ያነበብሁት ይህ ነው። በአሜሪካ አገር የባቡር ሐዲድ በተራራና በበረሃ ላይ ሲዘረጋ በምዕራቡ በኩል ድንጋዩን የፈለጡትና አፈሩን የዛቁት አብዛኞቹ ቻይናውያን ነበሩ። ሐዲዱ በ1869 ተጋጠመ። ከ13 ዓመት በኋላ በ1882 ደግሞ የቻይና ሠራተኛ ወደ አገሩ እንዳይገባ በሕግ ተከለከለ። ሕጉ እስከ 1943 ጸና፤ በተሻረ ጊዜም ለቻይናውያን የተፈቀደው በዓመት 105 ሰው ብቻ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን የአውስትራልያው ነው። አውስትራልያ በ1901 ባወጣችው ሕግ ጥቍሮችና እስያውያን አይግቡ የሚል ቃል አልጻፈችም፤ ይህን በግልጽ መጻፍ ነውር መስሎ ታይቷልና። በዚህ ፈንታ የቃል ጽሕፈት ፈተና አዘዘች። የወደቡ ሹም ከአንድ የአውሮጳ ቋንቋ 50 ቃል ያህል ያነብባል፥ መጪው ሰው ይጽፋል፤ ከሳተ ይመለሳል። ተንኰሉ ያለው ቋንቋውን የሚመርጠው ሹሙ በመሆኑ ላይ ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቀውን በሌላ ቋንቋ፥ ያንንም የሚያውቀውን በሌላ መፈተን ይችላል። በ1934 አንድ ኤጎን ኪሽ የተባለ የቼኮስሎቫኪያ ደራሲ ወደ አውስትራልያ መጣ። ሰውዬው አያሌ የአውሮጳ ቋንቋዎች ስለሚያውቅ ሹማምንቱ ቢቸግራቸው በስኮትላንድ ጌሊክ ቋንቋ ፈተኑትና ጣሉት። እርሱ ግን ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ ረታቸው። ፈተናው የቀረው በ1958 ነው። በ4ኛ ክፍል የቃል ጽሕፈት በሚሰጠን ጊዜ አብረውኝ በላብ ሲጠመቁ የነበሩ ጓደኞቼ ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሰማቸው ዐውቃለሁ። የእኛ መምህር ግን ቢያንስ የሚፈትኑን ባስተማሩን ቋንቋ ነበር።

ወደ አሜሪካ ልመለስ። በ1924 የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ አገር የሰው ቍጥር ወሰነ። አቈጣጠሩ ተንኰለኛ ነው፤ ሕጉ በወጣበት ጊዜ አዲስ የሕዝብ ቈጠራ ሳለ ወደ 1890 ቈጠራ ተመልሰው፥ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ይኖር ከነበረው የየአገሩ ተወላጅ ከመቶ ሁለት እጅ ይግባ አሉ። ይህንም ያደረጉት ኢጣልያኖች፥ ፖላንዶችና አይሁድ በብዛት የመጡት ከ1890 ወዲህ ስለ ነበረ እነርሱን ለማሳነስ ነው። የእስያ ሰው ከነጭራሹ ተዘጋበት። ለማንኛውም አገር የተወሰነው ትንሹ ቍጥር 100 ሲሆን ለኢትዮጵያ የደረሳት ይህ ነው። ስሌቱ በ1929 እንደ ገና ሲስተካከል ለእንግሊዝና ለሰሜን አየርላንድ 65,721 ሰው ተፈቀደ፤ ለኢትዮጵያ ያው 100። ይህን ለወንድሜ ሳነብለት መጋዙን አስቀምጦ ሳቀ። «መቶ! የእኛ ሠፈር ሰው እንኳ ከዚያ ይበልጣል» አለ።

በዘር የተመሠረተው ይህ ቍጥር የተሻረው በ1965 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ጊዜ ነው። ከዚያ በ1980 የስደተኞች ሕግ ወጥቶ በደርግ ዘመን ወደ ሱዳን የተሰደዱ አያሌ ወገኖቻችን በእርሱ ገቡ። ወንድሜ ኮት የለበሰለትን የዲቪ ዕጣ ያመጣው ደግሞ የ1990 ሕግ ነው። በዚህ ላይ አልቈይም፤ አብዛኛውን አንባቢ ያውቀዋል።

አሁን ስለ አክስቴ እነግራችኋለሁ። የአባቴ እኅት ስለ ሆነች እንደ አገራችን ልማድ «አዳዳ» እያልን እንጠራታለን። አዳዳ በ2003 ዓ.ም. በደላላ አማካይነት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሄዳ በሰው ቤት ተቀጠረች። በዚያ አገር የነበረው የሥራ ሥርዐት ከፋላ ይባላል። ይኸውም ሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃዱ በአንድ አሠሪ ስም የታሰረ ስለ ሆነ፥ አሠሪው ካልፈቀደለት በቀር ሥራ መለወጥም ከአገር መውጣትም አይችልም ነበር። ከዚያ ቤት ኰብልሎ የወጣ ሰው በዚያው ቀን ሕገ ወጥ ይሆናል። አዳዳም ደመወዟ ለስምንት ወር ሲቈይባት ኰብልላ በሌላ ቦታ በተመላላሽነት ትሠራ ጀመር። በ2006 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ የምሕረቱ ጊዜ አበቃና ፈቃድ የሌለው ሁሉ ይታፈስ ጀመር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ተመለሱ። በዚያው ሰሞን የአገራችን መንግሥት ደግሞ ዜጎች ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገር እንዳይሄዱ አግዶ ነበር፤ እግዱ የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። አዳዳ በታኅሣሥ ወር ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጕዛ ቤታችን ስትደርስ እኔ ገና 6 ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው አንድ ብርድ ልብስና አንድ ፌስታል ይዛ መግባቷን፥ አያቴም ፌስታሉን ገልጠው ካዩ በኋላ መልሰው መቋጠራቸውን ነው።

ጽሑፌን እስከዚህ ድረስ ጽፌ ነበር። በውስጡ የበደሉን ሁሉ ከሩቅ አገር ናቸው፤ እኛም ያለ ጥፋታችን ከበር የተመለስን ሰዎች ነን። ጥሩ ጽሑፍ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ለሒሳብ ፈተና አብረን እንድናጠና ወደ ቤታችን መጣች። ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር የተቀመጥን ነን። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ በገበያ ቀን ጀበና፥ ምጣድና ድስት ዘርግተው ይሸጣሉ። በቤታችን ያለው ጀበናም፥ አንጮቴ የምንቀቅልበትም ድስት የእርሳቸው እጅ ሥራ ነው።

አያቴን «አኮ» ነው የምንላቸው። አኮ በዚያን ቀን ቡና አፍልተው ነበር። ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተደርድረዋል። ለእኔ በሲኒ፥ ለወንድሜ በሲኒ፥ ለጎረቤታችንም ለሴትየዋ በሲኒ ቀዱ። ከዚያ ተነሥተው ከበሩ ጀርባ ከምስማር ላይ የተሰቀለውን የቆርቆሮ ኩባያ አወረዱና ለጓደኛዬ በእርሱ ቀድተው ሰጧት። እርስዋም በሁለት እጅዋ ተቀብላ አመሰገነች።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ያንን ኩባያ ያን ዕለት አዲስ ያየሁት አይደለም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ከዚያ ምስማር ላይ አይቼዋለሁ። እንጨት ፈላጩ ሲመጣ በሲኒ ይጠጣል፤ ውኃ ቀጂዋም በሲኒ ትጠጣለች። ኩባያው የሚወርደው የጓደኛዬ እናት ሸክላ ይዘው ሲመጡና እርስዋ ራስዋ ስትመጣ ብቻ ነው። ከጠጡበት በኋላ ለብቻው ይታጠባል፤ ለብቻውም ይሰቀላል። ይህን ሁሉ ዐውቅ ነበር፤ ዐውቄም ዝም አልሁ። ስለ አውስትራልያ ወደብ ሹም የጻፍሁበት ደብተር በዚያን ሰዓት ጕልበቴ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

በዚህ ጊዜ አዳዳ ገባች። መናኸሪያው አጠገብ ከምትሠራበት ሻይ ቤት መመለስዋ ነበር። ተቀመጠች፥ ኩባያውን አየች፥ ምንም አላለችም። አቦሉ አለቀና አኮ ቶናውን ሊቀዱ ሲሉ አዳዳ ብድግ ብላ ከጓደኛዬ እጅ የቆርቆሮውን ኩባያ ተቀበለችና ወደ ጀበናው ዘረጋችው። «ለእኔም በዚህ ስጡኝ» አለች። የአኮ እጅ ከነጀበናው በአየር ላይ ቀረ።

አዳዳም ከዚያ ቀን በፊት ተናግራው የማታውቀውን ነገር ተናገረች። መጀመሪያ በተቀጠረችበት ቤት ከዕቃ ማጠቢያው በታች፥ ሳሙናና መጥረጊያ ከሚቀመጥበት ሥፍራ፥ ለእርስዋ ብቻ የተመደበ አንድ ኩባያና አንድ ሳሕን ነበረ። የቤቱን ብርጭቆ ሁሉ የምታጥበው እርስዋ ናት፤ የልጆቹን ምግብ በእጅዋ የምታጐርሰው እርስዋ ናት፤ ውኃ ሲጠማት ግን ጐንበስ ብላ ያንን ኩባያ ማውጣት አለባት። «እማዬ፥ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለቀስሁት ለደመወዜ ይመስልዎታል?» አለች።

ወንድሜ መጀመሪያ አልተዋጠለትም። «ይህ ከዚያ ጋር አንድ አይደለም። የእነርሱ ሕግ ነው፤ በፖሊስ ነው ያባረሩሽ። ይቺን ልጅ ማን አባረራት?» አለ። አዳዳም «ኩባያውን ከማጠቢያ በታች አስቀምጡ የሚል ሕግ እዚያም አልነበረም፤ ያስቀመጠችው እመቤቲቱ ናት» አለችው። አኮ ደግሞ ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሰው «እኔ ምን ክፉ አደረግሁ? ቡና ከለከልኋት? ከቤቴ አስወጣኋት? እናቴ ስታደርግ ያየሁትን ነው» አሉ። እውነትም አኮ ሰውን ሆን ብለው የሚያስከፉ ሴት አይደሉም፤ የታመመ ጎረቤት ቢኖር አጥሚት ይዘው ቀድመው የሚደርሱ እርሳቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጓደኛዬ ደብተሮችዋን አንድ በአንድ እየሰበሰበች ነበር። «መሸብኝ» ብላ ወጣች። ሰዓቱ ገና 10 ሰዓት አልሞላም።

ከዚያ ወዲህ የማነበው ነገር ተለወጠ። ራቅ ካለ አገር ወደ ቅርቡ ተመለስሁ። በወለጋና በአካባቢው እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ብረት ቀጥቃጩ፥ ቆዳ ፋቂው፥ ሸክላ ሠሪዋ ከሌላው ሰው ጋር አይጋቡም ነበር፤ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፤ ብዙዎቹም የራሳቸው መሬት አልነበራቸውም። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው ሰው እርሻ የለውም ማለት ነው። ቡዳ ናቸው፥ ዐይናቸው ያስፈራል ይባልባቸው ነበር። ወደ ምዕራብ ወደ ቤጊ ሲኬድ ያሉት ማኦዎችም እንዲሁ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ከአንድ ዕቃ እንዲበሉና እንዲጠጡ አይፈቀድላቸውም ነበር። ይህን የምጽፈው «ነበር» እያልሁ ነው፤ ኩባያው ግን ባለፈው ዓመት በቤታችን ተሰቅሎ ነበር።

ሕግስ አልወጣም ወይ? ወጥቶአል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ሠራተኛውን በእጅ ሥራው ምክንያት መስደብ ከልክለዋል። በ1948 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በዜግነት መብት ረገድ በኢትዮጵያውያን መካከል ልዩነት አይደረግም ብሎአል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ በእጁ ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይናገራል። ዐዋጅ ግን መንገድና ፍርድ ቤት ድረስ ይደርሳል እንጂ ከበር ጀርባ ያለውን ምስማር አያየውም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባርነት ነበር። በወለጋ በኩል ወደ ቤኒ ሻንጉልና ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ የወርቅና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን የሰውም መነገጃ ነበር። አገራችን የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በመጋቢት 1916 ዓ.ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ፤ ባርነት ፈጽሞ የተሻረውም በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ሳሰላ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። አሜሪካኖች ለኢትዮጵያ 100 ሰው ብቻ ይበቃታል ያሉበት ሕግ የወጣው በ1924 በግንቦት ወር፥ ማለት በእኛው በ1916 ዓ.ም. ነው። በአንድ ዓመት፥ በሁለት ወር ልዩነት። እኛ በባሕር ማዶ በር ላይ ስንቈጠር በቤታችን ውስጥ ደግሞ የምንቈጥራቸው ሰዎች ነበሩ።

የአናሲሞስ ነሲብን ስም በነቀምቴ የማያውቅ የለም። ልጅ ሳለ ስሙ ሂካ ይባል ነበር፤ ፍችውም «ተርጓሚ» ማለት ነው። በኢሉባቦር ተወልዶ በሕፃንነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ ምጽዋ ደርሶ በፈረንጆች 1870 ነጻ ወጣ። አስቴር ገኖ የተባለችውም ሴት እንደ እርሱ ተሸጣ ነጻ ከወጣች በኋላ የኦሮምኛውን ንባብ መጽሐፍ በማዘጋጀትና መጽሐፍ ቅዱስን በመተርጐም አብራው ደክማለች። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 ታተመ። አናሲሞስ ወደ ወገኖቹ አገር ለመግባት ቢሞክር መንገዱ ተዘግቶበት ብዙ ዓመት ከቈየ በኋላ ሁለቱም በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥተው አስተማሩ። እርሱ በ1931፥ እርስዋ በ1964 በዚሁ ከተማ ዐረፉ። አኮ በልጅነታቸው አስቴርን በዐይናቸው ያዩ ሽማግሌዎችን ያውቃሉ፤ ስሟንም ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። አንድ ማታ «አኮ፥ አስቴር እኮ የተሸጠች ልጅ ነበረች። በእናትዎ ቤት ብትገባ በምን ይቀዱላት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልስ አልሰጡኝም። ብርዱን አሳብበው ነጠላቸውን ተከናነቡ።

ወደ ጓደኛዬ ቤት የሄድሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በክፍል ውስጥ ሰላም ትለኛለች፤ ነገር ግን ወንበር ለውጣ ነበር። ስደርስ እናቷ በጓሮ በኩል ሥራ ላይ ነበሩ። የሸክላ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አፈሩ ተቈፍሮ ከመጣ በኋላ ይወቀጣል፥ ይነፋል፤ እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ የተፈጨ ገል ይጨመርበታል፤ ከዚያ ተቦክቶ ያድራል። እናቷ ምንም መኪና የላቸውም፤ ጀበናውን የሚያወጡት በእጃቸው ዙሪያውን እየተሽከረከሩ ነው። አንገቱን ሲቀጥሉ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከዚያ በለስላሳ ጠጠር እያሹ ያሳምሩትና በጥላ ውስጥ ብዙ ቀን ያደርቁታል፤ በመጨረሻም በእንጨት፥ በገለባና በኩበት ይተኰሳል። ከዐሥሩ ሁለት ሦስቱ እሳት ውስጥ ይፈነዳሉ። ገበያ ላይ ዋጋ ቀንሱ እያልን የምንከራከራቸው ስለ ተረፉት ነው።

ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርሁ። ጓደኛዬ አላስጨረሰችኝም። «ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ዐውቀዋለሁ» አለች። «ለዚህ ነው የትም ቤት ስሄድ ውኃዬን በላስቲክ ይዤ የምሄደው። አንቺ ስፖርት ስለምሠራ ይመስልሽ ነበር።» እውነትዋን ነው፤ መስሎኝ ነበር። ቀጥላም እንዲህ አለች፦ «አክስትሽ ደግ ሰው ናቸው። ግን በዚያን ቀን ሁላችሁም ወደ እኔ ዞራችሁ ስታዩኝ፥ ኩባያው ይሻለኝ ነበር። በኩባያው የጠጣሁት ማንም ሳያየኝ ነው።» ለዚህ የምመልሰው ቃል አጣሁ። አዳዳም በኋላ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ይህንስ አላሰብሁትም» አለች።

እናቷ እጃቸውን ታጥበው ቡና አቀረቡ። አራት ሲኒዎች ነበሩ፤ ሁሉም አንድ ዐይነት። አንዱን ሞልተው ወደ እኔ ዘርግተው ግን እጄ ላይ አላኖሩትም፤ ዐይን ዐይኔን እያዩ «ትጠጫለሽ፥ ልጄ?» አሉኝ። ሌላ እንግዳ ቢሆን ይህን ጥያቄ አይጠይቁትም። እኔም መጽሐፉን ሁሉ ያነበብሁት፥ ስለ 1924 ሕግ የተቈጣሁት፥ እጄን ከመዘርጋቴ በፊት አንድ አፍታ፥ ምናልባት ትንፋሽ ያህል፥ ቈየሁ። ምን እንዳስፈራኝ እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ፍራቱ ግን ነበረ። እርሳቸውም አይተዋል፤ ጓደኛዬም አይታለች። ከዚያ ተቀብዬ ጠጣሁ። ቡናው እንደ ቡና ነው፤ ትንሽ ጨው ነበረበት፥ እንደ እኛ ቤት።

አኮን በሚመለከት ደግሞ ተለወጡ ብዬ ልጽፍ አልችልም። ኩባያው ከምስማሩ ወርዶአል፤ ያወረደው ወንድሜ ነው። በሩን ሲጠግን ምስማሩን ነቀለው፥ ሲጠየቅም «ለበሩ አስፈልጎኝ ነው» አለ። አኮ ኩባያውን ጓሮ ወስደው የዶሮ ውኃ አደረጉበት። ጓደኛዬ ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ ቡናውን በሲኒ ቀዱላት፤ ነገር ግን ሲኒዋን ራሳቸው ሳይሆን እኔ እንዳቀርብላት በዐይናቸው አመለከቱኝ። ከሄደችም በኋላ ሲኒዎቹን ሁሉ ሁለት ጊዜ አጠቧቸው። ሁሉንም ስላጠቡ የትኛው የእርስዋ እንደ ነበረ እኔም ጠፋኝ፤ የእርሳቸውንም ሐሳብ አልጠየቅሁም።

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ከመስጠቴ በፊት ለጓደኛዬ አነበብሁላት። የማትፈልግ ከሆነ የቀድሞውን፥ ስለ ውጭ አገር ብቻ የሚናገረውን እንደምሰጥ ነገርኋት። እርስዋም አንድ ጊዜ በቃሌ ሰምታ፥ ሁለተኛ ራስዋ አንብባ፥ ስለ ጀበናው አሠራር የተሳሳትሁትን በእርሳስ አረመችልኝ። ስሟንና ሠፈርዋን እንዳልጽፍ ለመነችኝ። «ስለ እኔ ሌላ የምታውቂው ነገር የለም ወይ? ኩባያ ብቻ ነው?» ብላም ጠየቀችኝ። አለ። በየካቲቱ የሒሳብ ፈተና እርስዋ ከመቶ 91፥ እኔ 74 አገኘን፤ ያውም አብረን ሳናጠና።